ላባ በዶላር

እኛ ቤት ላባ ቆሻሻ ነበር። ለፋሲካ ዶሮው በፈላ ውሃ ተነክሮ ይነጫል፣ እናቴ «ነፋስ ሳይበትነው ጥረግ!» ትለኛለች፣ እጠርጋለሁ፣ አበቃ። ያንኑ ላባ፣ የዝይ ስለሆነ ብቻ፣ ጫፉን አሹለው፣ ከትንሽ የቀለም ጠርሙስ ጋር በካርቶን አሽገው፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ ኮሎምቢያ በምትባል የወርቅ ከተማ በዶላር ይሸጡታል። አጠገቡ የደብዳቤ ማሸጊያ ሰም ተደርድሯል። ሰሙ ለእኛ ቀረ፤ ወርቁን የወሰዱትማ ቀድመው ሄደዋል።

ያመጣችኝ ልጄ ናት። «አባዬ፣ የድሮ ዘመን መጽሐፍ ቤት አለ፣ ትወደዋለህ» ብላ ከሳን ሆዜ ድረስ አጓጉታ ወሰደችኝ። ስንደርስ ዋናው መንገድ ላይ መኪና አይገባም ተባለ፤ የዘመኑን መልክ ያበላሻል። የዘመኑ መልክ እንዳይበላሽ የእኔ ጉልበት ይበላሽ! በፈረስ የሚጎተት ሠረገላ ወዲያ ወዲህ ይላል። ለመሳፈር ቲኬት ይቆረጣል፤ አቧራውን መብላት ግን በነፃ ነው።

ጥንት ጥንት የሚሉትም 1850 ነው፣ በፈረንጁ አቆጣጠር። በዚያ ዓመት መጋቢት ላይ ወርቅ ታየ ተባለና ሰው እንደ አንበጣ ሰፈረበት። በ1854 እሳት የእንጨቱን ከተማ በላው። በጡብ መልሰው ሠሩ፣ የብረት በርና የብረት መስኮት ገጠሙለት፤ በ1857 እሳቱ ተመልሶ መጣ። ይኸስ ያሳዝናል። የሚገርመኝ ቀጥሎ ያደረጉት ነው፤ ወርቁ ሲመነምን ባዶ የቀሩትን ቤቶች እያፈረሱ ከሥራቸው መቆፈር ያዙ። ከዶማ የተረፈውን ነው የካሊፎርኒያ መንግሥት በ1945 ቅርስ አድርጎ የያዘው። እኔ የጎንደር ልጅ ነኝ፤ ድብብቆሽ የተጫወትኩበት ግንብ ይህን ከተማ በሁለት መቶ ዓመት ይበልጠዋል። ይህን ስል ልጄ «አባዬ፣ ዛሬ እንኳ አታወዳድር» አለችኝ። ሳላወዳድር ታዲያ ምን ልሥራ? ሽማግሌ ሌላ ምን ሥራ አለው?

መጽሐፍ ቤቱ ውስጥ አንዲት ወጣት መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷን በባርኔጣ ሸፍና ቆማለች። ሰላምታዋ የአያት ቅድመ አያት ነው። ሒሳብ ላይ ሲደረስ ግን ከጠረጴዛው ሥር የካርድ ማሽን ብቅ አለ፤ ገንዘብ ሲሆን ዘመኑ ቶሎ ይሠለጥናል። ከመደርደሪያው አንድ የታሪክ መጽሐፍ አንሥቼ፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሳለ ኪሴ ውስጥ ስፈልግ ቆይቼ፣ ገለጥኩ። ያን ጊዜ ወርቅ የሚያወጣ የውጭ አገር ሰው በወር 20 ዶላር ግብር ይክፈል ተብሎ ነበር፤ በ1850። ብዙ ሜክሲኮዎች ጥለው ሄዱ፣ ነጋዴው ገበያ ቢያጣ ጮኸ፣ በማግሥቱ ዓመት ሕጉ ተሻረ። በ1852 በ3 ዶላር ሲመለስ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ በቻይናዎቹ ላይ ከበደ። ስደተኛ ነኝና ይህን ገጽ ቆሜ ጨረስኩት። ቁጭ ብዬ እንዳላነበው ወንበር የለም። ለመሆኑ መጽሐፍ ቤት ያለ ወንበር የማን ፈሊጥ ነው?

የልጅ ልጄ ላባውን ካላስገዛችሁኝ ብሎ አስገዛን። ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ስሙን ሊጽፍ ጫፉን እስከ አንገቱ ነከረው፤ ቀለሙ ወረቀቱ ላይ ዱብ ብሎ ስሙ ከመጀመሩ ተዋጠ። «አባባ፣ እንዴት ነው የሚጠፋው?» አለኝ። አይጠፋማ! እኛ ተማሪ ቤት በእንጨት እጀታ ብዕር ስንጽፍ፣ ነክረን አፉን በጠርሙሱ ከንፈር እናብሳለን፤ ጠብታ የጣለ ልጅ መዳፉን ለማስመሪያ ይዘረጋል። ያን ሁሉ አስረዳሁት። ሰምቶኝ ሲያበቃ «ታዲያ አንተ እያለህ ጥንታዊ ዕቃ ለምን ገዛን?» አለኝ። ለካ እኔም የሱቁ ዕቃ ነኝ፤ ዋጋ ብቻ አልተለጠፈብኝም።

ስንመለስ ልጄ ሌላ መከራ አመጣች። ደራሲው ማርክ ትዌይን ከኮሎምቢያ ብዙም በማይርቅ ኮረብታ ላይ በ1864 ማብቂያ ጎጆ ገብቶ ነበር፤ በኤንጅልስ ካምፕ መጠጥ ቤት የሰማውን የእንቁራሪት ወሬ ጽፎ በ1865 ኒው ዮርክ ቢያሳትመው ስሙ ገነነ። ዶማ የያዘው ሁሉ ሲደኸይ ወሬ ሰሚው ከበረ! ይኸን ለማክበር እዚያው ኤንጅልስ ካምፕ ዛሬም በየዓመቱ በፈረንጆቹ ግንቦት እንቁራሪት ያዘልላሉ፤ ልጄ መግቢያ ቆርጣ ልትወስደኝ ነው። ለእንቁራሪት! ክረምቱን ጎርጎራ፣ ጣና ዳር፣ አያቴ ዘንድ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ዝም የሚያሰኝልኝ ባገኝ ያን ጊዜ እኔ እከፍል ነበር።