ቅርንጫፉ፦ ስለ ክፍት ቱቦ የተደረገ አጭር ጥናት

በአዲስ አበባ ሰፈሮች የብረት ቱቦ ክዳን ሌሊት እግር አውጥቶ ቁራሌው ዘንድ ሲሄድ፣ ጉድጓዱ ባዶውን የሚያድረው ግፋ ቢል እስከ ንጋት ነው። ጠዋት ቅርንጫፍ ተተክሎበት ይገኛል። ሲተክል የታየ ሰው የለም። ጥናት አቅራቢው ይህን ለማጣራት ሁለት ሌሊት በረንዳ ላይ ተቀምጦ፣ ሁለቱንም ሌሊት እንቅልፍ ወስዶታል።

ቅርንጫፉ አብዛኛውን ጊዜ ባሕር ዛፍ ነው። ዛፉ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባው ለማገዶና ለቤት መሥሪያ እንጂ ለዚህ አልነበረም። ቅጠሉ ሲደርቅ በእርጥብ ይተካል። በእኛ ሰፈር ያለው ሥር ሰዷል የሚሉም አሉ፤ አንድ ጡረተኛ መምህር ውኃ ሲያጠጡት ታይተዋል።

ወደ ዕድር ኮሚቴ የሚኬደው ሰው ጉድጓዱ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። የገባው ሰካራም ከሆነ ይሳቃል፤ ልጅ ከሆነ ይጮኻል፤ የዕድሩ ሰብሳቢ ከሆኑ ግን ስብሰባ ይጠራል። ዕድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ጥሩምባ፣ መዝገብና በቀሪ ላይ የሚጣል ቅጣት አለው። ከአምስቱ ሰው የሚሰበስበው አምስተኛው ነው።

ጉዳዩ በሕግም የዕድር አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 47/1967 የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራትን፣ ማለትም ቀበሌን ሲያቋቁም፣ የአካባቢ መንገድን ሥራ ከሰጣቸው ሥራዎች አንዱ አድርጎት ነበር። አሁን ማመልከቻ ወደ ወረዳ ይጻፋል፤ «ለሚመለከተው» ተብሎ ይመራል። የሚመለከተውን ፍለጋ የዚህ ጥናት ወሰን አይደለም።

በስብሰባው ሲሚንቶ፣ አሸዋና ፌሮ በሃያ ደቂቃ ተወሰነ። ተከራይ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም የሚለው ሁለት እሑድ ፈጀ። «ጉድጓዱ ከእኔ በር ይርቃል» ያሉ አንድ አባት በቃለ ጉባኤው ላይ ስማቸው በቀይ እስክርቢቶ ሰፈረ። በመጨረሻ ግን ክዳኑ ተሞላ፤ ሳይደርቅ ውሻ ሄደበት፤ ከወረዳ የመጡ ሰዎች ፎቶ አንሥተው «በኅብረተሰብ ተሳትፎ» ብለው መዘገቡት። የውሻው ድርሻ አልተጠቀሰም።

ነሐሴ ላይ ቱቦው ተደፈነ፤ ለመጥረግ ክዳኑ መነሣት ነበረበት። ውፍረቱ ላይ ማንም አልሰሰተምና ክዳኑን ስምንት ወጣት አላነቃነቀውም፤ በመዶሻ ተሰበረ። በማግስቱ ጠዋት ጉድጓዱ ላይ የጽድ ቅርንጫፍ ቆሞ ተገኘ። የባሕር ዛፍ ዘመን ማብቃቱ ይሁን አይሁን ለማጣራት ጥናት አቅራቢው ሦስተኛ ሌሊት በረንዳ ላይ ሊያድር ነው።