መግቢያ የሚከፈልበት ልማድ፦ የሐራ ሰው በአዲስ አበባ ኪነ ጥበብና ባህል ላይ ያካሄደው የመስክ ጥናት

የጥናቱ መነሻ

ስለ አዲስ አበባ ኪነ ጥበብ ብዙ ተጽፏል። የጻፈው ግን ወይ እዚያው የሚኖር ሰው ነው፣ ወይ ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ። ከሐራ የመጣ ሰው ምን ያያል ብሎ የጠየቀ የለም። ይህ ጥናት ያንን ክፍተት ይሞላል። (ክፍተት አልሞላም ያለ ጥናት አማካሪ አያገኝም።)

ሐራ በሰሜን ወሎ፣ ከወልድያ ወደ ጭፍራ በሚወርደው መንገድ ላይ ያለች የቆላ ከተማ ናት። ደገኛውና አፋሩ የሚገበያዩባት ናትና ግመሉም ፍየሉም እህሉም አንድ አቧራ ላይ ይውላል። ሐራ ገበያ የሚለውን ስሟን ከገበያተኛው ውጭ ያለው ሕዝብ የሰማው ግን በባቡር ነው። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ሐራ ገበያ ላይ የሚያበቃውን፣ ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን ሐዲድ የቱርኩ ያፒ መርከዚ በ2007 ዓ.ም. መዘርጋት ጀመረ። ከዚያ ገንዘብ ጠፋ፣ ጦርነትም መጣ። ባቡር አልመጣም። አጥኚው የሄደው በአውቶቡስ ነው።

የጥናቱ ዘዴ

ናሙናው ሦስት ሰው ነው። አንደኛው አጥኚው ራሱ ነው። ሁለተኛዋ የአጥኚው አክስት ሲሆኑ ከዚህ በኋላ «ቁልፍ መረጃ ሰጪ» ይባላሉ። እሳቸው አዲስ አበባ የመጡት ዓይናቸውን ለመታየት ስለሆነ የምልከታቸው አስተማማኝነት ሊያጠያይቅ ይችላል፤ ሆኖም ሐኪሙ መርምሮ «ከእኔ ይሻላሉ» ስላላቸው ናሙናው ውስጥ ቀርተዋል። ሦስተኛው የእሳቸው ልጅ ነው። ከተማው ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የኖረ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ የሒሳብ ሠራተኛ፣ ቅዳሜና እሑድ «የአርት ሰው» ነው። መንገድ የመራውም፣ የከፈለውም እሱ ነው። ጥናቱ ሌላ የገንዘብ ድጋፍ አላገኘም።

ለዚህ ጥናት ሲባል ባህል ማለት መግቢያ የሚከፈልበት ልማድ ነው። ትርጉሙ ጠባብ ነው የሚል ይኖራል። አጥኚው ሰፊውን ትርጉም ይዞ ሐራ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ተመላልሶ አንድም ባህል አላገኘም፤ ያገኘው ኑሮ ብቻ ነው።

ምልከታ አንድ፦ ጎረቤት

ጉብኝቱ የተጀመረው አምስት ኪሎ፣ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። እዚያ የሚታየው ዋናው ነገር ድንቅነሽ ናት፤ ፈረንጆቹ ሉሲ የሚሏት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት፣ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም የማያልፍ፣ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ውስጥ ነው።

«አፋር ናት?» አሉ ቁልፍ መረጃ ሰጪ።

«አዎ እማ» አለ ልጃቸው።

«የት ግድም?»

«ሐዳር። ከሚሌ ትንሽ አለፍ ብሎ።»

«ታዲያ የኛ ገበያተኛ ናታ!»

አጥኚው ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ሐራ ላይ ገበያ ይቆም እንደነበር የሚያሳይ ማስረጃ እንደሌለ ለመግለጽ ሞክሯል። መረጃ ሰጪዋ አልተቀበሉም። ሚሌን የሚያውቁት በእግራቸው ነው፤ ከዚያ ወገን የሚመጣ ሰው እህልና ጨርቅ የሚሸምተው የት እንደሆነ የሚነግራቸው አጥኚ አያስፈልጋቸውም። በጥናት ሥነ ምግባር መሠረት መረጃ ሰጪን መከራከር ስለማይፈቀድ ነገሩ እዚያው ላይ ቆሟል።

ቀጥሎ የመጣው ችግር ከበድ ያለ ነበር። መስታወቱ ውስጥ የተዘረጋው አጥንት አምሳያ እንጂ ራሷ እንዳልሆነች አስጎብኚው አስረዳ።

«እሷስ?»

«ውስጥ ናት። ተቆልፎባታል፤ ለጥንቃቄ።»

«ከአገሯ አምጥተው ቆለፉባት?»

ልጁ እናቱን ሊያጽናና ፈልጎ ድንቅነሽ ሁልጊዜ እንደማይቆለፍባት ነገራቸው። በ1999 ዓ.ም. ወደ አሜሪካ ሄዳ በየከተማው ስትታይ ቆይታ በ2005 ተመልሳለች፤ በነሐሴ 2017 ደግሞ ፕራግ ድረስ ሄዳ ነበር። መረጃ ሰጪዋ ይህን ሰምተው ጥቂት ዝም አሉ። «እኔ እኮ ፓስፖርት የለኝም» አሉና ወደሚቀጥለው ክፍል አለፉ። ከሐራ ሚሌ በአንድ ጀምበር ይደረሳል። ያችን የሚሌ ጎረቤት ለማየት ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተጉዘን ያየነው አምሳያዋን መሆኑ በጥናቱ ወጪ ሰንጠረዥ ላይ በዝርዝር ተመዝግቧል።

ምልከታ ሁለት፦ የመስታወት ሕግ

ሌላ ቀን፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ የባህል ዕቃ ማሳያ ውስጥ ከመስታወት ጀርባ ጀበና ቆሞ ነበር። አፉ ትንሽ የተሸረፈ፣ አንገቱ ጥላሸት የያዘ፣ ሆዱ ሰፋ ያለ ነው። ስሩ ወረቀት ላይ «ጀበና። ከሸክላ የተሠራ። ቡና ለማፍላት ያገለግላል» ይላል። ቁልፍ መረጃ ሰጪ አጎንብሰው፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው፣ ከግራ አዩት፤ ዞረው ከቀኝ አዩት።

«ክዳኑን ማን ወሰደው?» አሉ።

መልስ አላገኙም።

አጥኚው ከዚህ በመነሳት «የመስታወት ሕግ» ያለውን ረቂቅ ንድፈ ሐሳብ ያቀርባል፦ ማንኛውም ዕቃ ባህል የሚሆነው ሰው የማይነካው በሆነ ቅጽበት ነው። ሐራ ያለው ጀበና በቀን ሦስት ጊዜ ስለሚነካ ባህል የመሆን ዕድሉ ጠባብ ነው። ከእጅ ወድቆ ቢሰበር ይጣላል፤ ሳይሰበር አዲስ አበባ ቢደርስ ግን መብራት ይበራለታል።

ሕጉ አንድ ቦታ ላይ ችግር ገጥሞታል፤ መካኒሳ፣ ዞማ ሙዚየም። ሠዓሊው ኤልያስ ስሜና መስከረም አሰግድ የመሠረቱት፣ በ2011 ዓ.ም. የተከፈተው ይህ ሙዚየም መስታወት አያበዛም፤ የሚታየው ግድግዳው ራሱ ነው። ግድግዳውም ጭቃ ነው። ጭቃና ጭድ፣ በእንጨት ላይ የተመረገ፣ ከዚያ በጣት እንደ ጥልፍ የተጌጠ የሚመስል። የውጭ አገር ሰዎች ፎቶ ሲያነሱ አየን። ልጁ «ኮንሴፕቱ ዘላቂነት ነው» አለ። እናቱ በጥፍራቸው ጫፍ ግድግዳውን ቧጠጥ አደረጉ፤ ልጁም በፍጥነት እጃቸውን ያዘ።

ነገር ግን በዚህ ጥናት ውስጥ ከተሰጡት አስተያየቶች ሁሉ ሙያዊው ቀጥሎ ያለው ነው። መረጃ ሰጪዋ በሕይወታቸው ሁለት ቤት መርገዋል፤ አንዱን ሁለት ጊዜ። «ይሄን ያቦካው ሰው ጭቃውን አሳድሮታል» አሉ። «ጭዱ ሳይበሰብስ የተመረገ ጭቃ በጋ ሲመጣ ይሰነጠቃል። ይሄ አልተሰነጠቀም።» ከዚያ ዘወር ብለው ልጃቸውን አዩት። ይህ ልጅ ሐራ ያለውን የቤታቸውን የጭቃ ግድግዳ አፍርሶ ብሎኬት ለማድረግ ለሦስት ዓመት ሲጨቀጭቃቸው ኖሯል። ልጁ የስልኩን ባትሪ ማየት ጀመረ።

ምልከታ ሦስት፦ የአገጭ ምልክት

ቅዳሜ ማታ በአንድ ፎቅ ቤት ስድስተኛ ወለል ላይ የሥዕል ዐውደ ርእይ ሲከፈት ተገኝተናል። ቁልፍ መረጃ ሰጪ በሊፍቱ ወጥተው፣ ወርደው፣ እንደገና ወጥተዋል፤ ይህ ከጥናቱ ዓላማ ውጭ ስለሆነ አልተተነተነም።

አዳራሹ ውስጥ ከታዳሚው ከግማሽ የሚበልጠው ጀርባውን ለሥዕሉ ሰጥቶ ያወራል። ፊቱን ለሥዕሉ የሰጠው ደግሞ አንድ ዓይነት አቋቋም አለው፦ ቀኝ እጅ አገጭ ላይ፣ ግራ እጅ ብብት ስር፣ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ፣ ትንሽ ዝምታ፣ «ዲፕ ነው»። አጥኚው አቋቋሙን ሞክሮታል። ሥዕሉ አልተለወጠም፤ ነገር ግን አንዲት ወጣት መጥታ ሠዓሊው እሱ እንደሆነ ጠይቃዋለች። መረጃ ሰጪዋ የቆሎውን ሳህን አይተው «ይሄ ለቅምሻ ነው ወይስ ለእንግዳ?» ከማለት በቀር አስተያየት አልሰጡም። ወንበርም አልነበረም። በዚህ ክፍል ላይ ብዙ የሚባል ነገር የለም።

ምልከታ አራት፦ አራት ደቂቃ ወሎ

የጥናቱ ዋና ግኝት የተገኘው በመጨረሻው ምሽት፣ ምግብና ጭፈራ አብሮ በሚቀርብበት የባህል ቤት ነው። (የቤቱ ስም የተተወው ሒሳቡ ስለሚታወስ ነው።)

አንባቢ እንደሚያውቀው የኢትዮጵያ ሙዚቃ አራት ዋና ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ናቸው። ከአራቱ ሁለቱ የቦታ ስም ናቸው፤ ሁለቱም ወሎ ውስጥ ናቸው። አምባሰል ተራራ ነው፤ ባቲ ደግሞ እንደ ሐራ ደገኛውና አፋሩ የሚገናኝበት ገበያ ነው። ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን የዘፈነችበትን ድምፅ ሰምቶ ተራራውን ያላየ ሰው ብዙ ነው። የሐራ ሰው በተቃራኒው ወደ ደሴ ሲሄድ ተራራውን በአውቶቡስ መስኮት ያየዋል፤ ብዙ ጊዜም ተኝቶ ያልፈዋል። ከዚህ አንጻር የወሎ ሰው ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ወሎን ቢያይ ምን ይሆናል የሚለው ጥያቄ ሳይንሳዊ ክብደት አለው።

ጭፈራው እንደ አውቶቡስ መስመር ነው፤ በየፌርማታው ትንሽ ይቆማል። ጎንደር ወረደ፣ ጎጃም ወጣ፣ ጉራጌ ሮጠ፣ ወላይታ ወገቡን አሳየ። ወሎ ላይ ሲደረስ አጥኚው ሰዓቱን ያዘ። ሦስት ወንዶች ሽርጥ አገልድመው፣ ዱላ ትከሻቸው ላይ አጋድመው ወጡ። ሽርጦቹ አንድ ዓይነት፣ አዲስና የተተኮሱ ናቸው። የአንዱ ተወዛዋዥ ሽርጥ ጠርዝ ላይ የሱቁ ወረቀት ሳይነሳ ቀርቶ በያንዳንዱ ስክስታ ብልጭ ይላል። ሴቶቹ ሹሩባ ተሠርተው፣ በትከሻቸው እየተጣሩ ተከተሏቸው። በእውነት ጎበዞች ነበሩ። አራት ደቂቃ ወሰደ፤ ከዚያ ወደ ሐረር ታለፈ።

«ማን ሞተ?» አሉ መረጃ ሰጪዋ።

«ማንም አልሞተም እማ፤ አለቀ።»

«ሠርግ ነው እንዴ ያልከኝ? ሙሽራውስ?»

አጥኚው ይህን ጥያቄ እንደ ቀልድ መዝግቦት ነበር፤ በትንተናው ወቅት ግን ቀልድ እንዳልሆነ ተረድቷል። በመረጃ ሰጪዋ ዘንድ ጭፈራ ምክንያት አለው፤ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ በዓል ነው። መንዙማም ቢሆን ድቤው የሚመታበት ሌሊት፣ ዱዓው የሚደረግለት ሰው አለው። የባህል ቤቱ ምክንያቱን አስቀርቶ ጭፈራውን ብቻ አመጣ። በቴክኒክ ረገድ ይህ ትልቅ ቁጠባ ነው፤ ሙሽራው ቢመጣ እሱም ይበላል።

ከዚያ መድረክ መሪው «ከወሎ የመጣ ማን አለ?» ብሎ ጠየቀ። ልጃቸው የእናቱን እጅ አንስቶ አወዛወዘው። አንዱ ሽርጥ የለበሰ፣ ወረቀቱ ያልተነሳለት፣ እየተወዛወዘ መጥቶ ፊታቸው ተንበረከከ፤ ትከሻውን ሰበቀ። ሰው ሁሉ አጨበጨበ፤ ስልኮች ተነሱ። መረጃ ሰጪዋ በዝግታ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። ሁሉም ሊጨፍሩ ነው ብሎ ጠበቀ። ጎንበስ ብለው የሽርጡን ጠርዝ ያዙ፣ ወረቀቱን በጥርሳቸው በጠሱ፣ አጣጥፈው እጁ ላይ አኖሩለትና ትከሻውን መታ መታ አደረጉት፤ «አብሽር» አሉት። ተወዛዋዡ ከወልድያ ነበር። በጆሯቸው የሆነ ነገር ነገራቸው፤ ምን እንዳለ ለጥናቱ ሊነግሩን አልፈቀዱም።

የጥናቱ ውስንነት

ብሔራዊ ቴአትር አልገባንም፤ የደረስነው ደጁ ላይ ፎቶ እስከምንነሳበት የአንበሳ ሐውልት ድረስ ብቻ ነው። ከ1948 ዓ.ም. ጀምሮ መጋረጃ ሲከፍት የኖረን ቤት በአንበሳ መመዘን ስህተት መሆኑን አጥኚው ያውቃል። ካዛንቺስ የአዝማሪ ቤቶች ነበሩ ብሎ ሦስተኛው መረጃ ሰጪ፣ ልጃቸው፣ ወስዶን ነበር፤ ሰፈሩ በ2017 ፈርሶ ስለነበር ያየነው አጥርና መንገድ ነው። በዚህ ምክንያት ስለ አዝማሪ የቀረበ ግኝት የለም።

ማጠናከሪያ ቃለ መጠይቅ

የመጨረሻው መረጃ የተሰበሰበው ሐራ፣ መረጃ ሰጪዋ ቤት፣ በተመለስን ማግስት ነው። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቧል፤ ጀበናው ከነክዳኑ እሳት ላይ ነው።

«እሺ፣ አዲስ አበባ ምን አየሽ?» ተባሉ።

አቦሉን እየቀዱ አስበው መለሱ። ጀበና አየሁ አሉ። ጭቃ ቤት አየሁ፣ ደኅና ተደርጎ የተመረገ። የአፋር ሴት ነበረች፣ ቆልፈውባታል። ሽርጥ የለበሰ የወልድያ ልጅ አየሁ።

ጎረቤቶቹ ተያዩ። «አዲስ ነገርስ?» አለች አንዷ።

«ሊፍት» አሉ።

ሊፍት ምን እንደሆነ፣ ሰው ሳይራመድ እንዴት ስድስተኛ ፎቅ እንደሚገኝ፣ በሩ ተዘግቶ ሲከፈት አገሩ እንዴት ሌላ እንደሚሆን ለማስረዳት ቶናውም በረካውም አለቀ።