ሲሪንቃ ላይ የታረመ ድርሰት

ከመርሳ ወልድያ ቅርብ ነው፤ ሚኒባሱ ሲሪንቃ ላይ ጎማው ፈንድቶ ተጠባባቂው ጎማም አየር የሌለው ሆኖ ሲገኝ ግን ቅርብ መንገድ የሚባል ነገር የለም። ረዳቱ ጎማውን ባጃጅ ላይ ጭኖ ወደ መርሳ ተመለሰ። እኛም ግራር ጥላ ሥር ተቀመጥን። ያልታረሙ የእንግሊዝኛ ፈተና ድርሰቶች ይዤ ስለነበር ቀይ እስክርቢቶዬን አወጣሁ።

ርዕሱ «የገጠርና የከተማ ሕይወት» ነው። የመጀመሪያው ልጅ ገጹን ሞልቶታል፤ አራት ነጥብ የምትመስል ነገር ያለችው ግን መጨረሻ ላይ ብቻ ነው። ገበሬው በማለዳ ተነሥቶ፣ በሬውን ጠምዶ፣ አርሶ፣ ምሳውን በልቶ… በአማርኛ እንዲህ ሲወርድ ያምራል፤ ማሰሪያ አንቀጹ እስኪመጣ ሰሚው ይጠብቃል። ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር ግን እያንዳንዱ በ«ኤንድ» ይቀጠልና አንባቢው የት እንደሚያርፍ ይጠፋዋል። ሌላዋ «ኦልዞው» ብላ ጀምራ መሀል ላይ «በት» ትጨምራለች፤ እኛ «ምንም እንኳ» ብለን «ግን» ማለት ልማዳችን ስለሆነ። ፊደላችን ትልቅና ትንሽ የለውምና የመርሳ ስም በትንሽ ፊደል ይጀመራል፣ መሀል ያለው ተራ ቃል ደግሞ በትልቁ።

አጠገቤ የተቀመጡ፣ ወልድያ ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ እናት የቀለሙ ብዛት አስጨነቃቸው። «መምህር፣ ይኼ ልጅ ምን በደለ?»

«ምንም አልበደለም እናቴ፤ በአማርኛ አስቦ በእንግሊዝኛ ጻፈው።»

«ታዲያ በምን ሊያስብ ኖሯል?»

መልስ አልነበረኝም። በክልላችን ልጁ ትምህርቱን በአማርኛ ይጀምራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ግን ሒሳቡም ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ደግሞ የእንግሊዝኛውም ቢሆን ምርጫ ነው፤ ልጁ መልስ ሲመርጥ ኖሮ አዘውትሮ ድርሰት ጻፍ የሚባለው ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ነው። ያም ከገባ ነው። የ2014ቱ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ሲሰጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ወልድያ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ጦርነት ውስጥ እንደነበረችም አልረሳም።

ረዳቱ ሲመለስ ፀሐይዋ አዘቅዝቃ ነበር። መኪናው ውስጥ ያነበብኩት ወረቀት ግን ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ። ሰዋስዉ እንከን የለውም፤ የሚያወራው ስለ ደን መጨፍጨፍ ነው። ልጁ አንድ ድርሰት ሸምድዶ መጥቷል፤ ርዕሱ ሲቀየርበት የሸመደደውን አስረከበ። በእኔ ፍርድ ከስህተት ሁሉ የከፋው ይኼ ነው። ነጥብ የረሳን ልጅ አንድ ወር ያርመዋል፤ ጥያቄውን ሳያነብ መጻፍ የለመደውን ማቃናት ግን ዓመታት ይፈጃል። አንዲት ልጅ መርሳ ላይ አውቶቡስ ሲቆም ብርቱካን ይዛ ስለምትሮጥ እህቷ ጽፋለች፤ ግሱ ሁሉ ተሳክሯል፣ ሐሳቡ ግን የራሷ ነው። ከሸምዳጁ የበለጠ ሰጠኋት።

የሐብሩ ወረዳና የወልድያ መምህራን፣ ክፍሉ የቱንም ያህል ቢጨናነቅ በሳምንት አንድ አንቀጽ አጽፉ። ርዕሱ ልጁ የሚያውቀው ይሁን፤ መጀመሪያ የዐረፍተ ነገሩን ማብቂያ ብቻ አርሙ፣ ሌላው ለሚቀጥለው ሳምንት ይቆይ። ወላጆችም ልጃችሁ የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብላችሁ ጠይቁት፤ እንግሊዝኛ ባትሰሙም የት እንደሚያርፍ ትሰማላችሁ።