ልጄ ሥራ ያዘች፤ እኔ ተያዥ አጣሁ

«እንኳን ደስ አለዎ» የሚለኝ ሰው ከመብዛቱ የተነሳ ከቤቴ ወጥቼ ኮኪት ገበያ እስክደርስ ጀንበር ትበላኛለች። ልጅዎ ባንክ ገባች አሉ? አዎ ገባች፤ እግዜር ይስጥልኝ። ወግ ነውና ደስ ብሎኛል እላለሁ። የተመረቀ ልጅ ሥራ አጥቶ ቤት ሲቀመጥ ወላጅ ምን ምን እንደሚሆን ራዲዮኑ ሲያወራ ይውላል። ሥራ ሲያገኝ ወላጁ ላይ የሚወርደውን ግን አንድም ሰው ሲያነሳ ሰምቼ አላውቅም። እንግዲህ እኔ ልናገር፤ ዕድሜዬ ይፈቅድልኛል።

ልጅቱ የተወለደችው ከወገራ ደጋ ወደዚህ ወደ መተማ ቆላ በሰፈራ በወረድንበት ዓመት፣ በ1995 ዓ.ም. ነው። ለአባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬት ይሰጣል ተብለን ወረድን። መሬቱም ተሰጠን፣ ወባውም አብሮ ተሰጠን፤ ካላዛር የሚባለውንም በሽታ ስሙን የሰማነው እዚሁ ነው። ሰሊጡ ግን አላሳፈረንም። ደብተሩም ዩኒፎርሙም፣ ኋላም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለሳሙና ነው፣ ለካርድ ነው እየተባለ የሚላከው ሁሉ ከዚያው ሰሊጥ የወጣ ነው። ትምህርቱን መንግሥት ይሸፍናል ሲባል ሰምቼ ነበር። ለካስ እያበደራት ኖሯል! «ወጪ መጋራት» ብለው አስፈርመዋታል፤ ዕዳው ተከፍሎ ካላለቀ ዋናው ዲግሪ አይሰጥም። እስከዚያው መያዣ የምትሆን አንዲት ወረቀት አለች፣ «ቴምፖ» ይሏታል። መስታወት አስገብቼ ግድግዳ ላይ ልሰቅላት ብል፣ «አባዬ፣ እሷ እኮ ፎቶ ኮፒ የሚደረግባት ናት» ብላ ከእጄ ነጠቀችኝ።

ዘመኑ ፈተና አይጠግብም። በየዓመቱ የተፈተኑት አልበቃ ብሎ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የመውጫ ፈተና የሚባል መጥቷል፤ 50 ያላመጣ ዲግሪ የለውም። መጀመሪያ በተሰጠ ጊዜ ከተፈተነው ግማሹ እንኳ አላለፈም። የኔዋ አለፈች። በግ አረድን። ስትመረቅ አረድን፣ ስትቀጠር አረድን፤ ይኼው በጉ አለቀ፣ ደስታው አላለቀም።

በኛ ጊዜ፣ በደርግ ማለቴ ነው፣ ዲግሪ የያዘ ሰው ገና ጋውኑን ሳያወልቅ ምደባው ይጠብቀዋል። ደመወዙ 500 ብር መሆኑን ገበሬው ሁሉ ያውቅ ነበር። ወገራ ሳለሁ የነበረ አንድ የሳይንስ መምህር በዚያችው 500 ብር ለእናቱ ይልክ ነበር፣ ይለብስ ነበር፣ ጠላ ቤቱንም አስቀይሞ አያውቅም። ዛሬ ሥራው የሚወጣው ቴሌግራም ላይ ነው። ልጅቱ ኔትወርክ ፍለጋ ጉብታው ላይ ስልኳን ወደ ሰማይ ዘርግታ ስትቆም ያየ ጎረቤት «ምን ሆነችብህ? ጠበል ውሰዳት እንጂ» ብሎ መክሮኛል። ማስታወቂያው «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» ይላል፤ ዜሮዋን ይዛ ስትሄድ ግን ሁለት ዓመት የሠራ ሰው ቀድሟት ተሰልፎ ታገኘዋለች።

ይኼ ሁሉ አለፈ። ተፈተነች፣ ተጠየቀች፣ ተደወለላት። ገንዳ ውሃ ቅርንጫፍ ነው፣ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። ሚስቴ እልልታዋን አቀለጠችው። እልልታው ሳያባራ ልጅቱ አንድ ወረቀት ዘረጋችና፣ «አባዬ፣ ተያዥ ያስፈልጋል» አለችኝ።

«እኔ አለሁ» አልኳት። ሳቀች።

አሁን ፍረዱኝ። በዚህ አገር እኔ ዋስ ያልሆንኩለት ሰው ማን ነው? ደም የተቃቡ ቤተሰቦች ሲታረቁ ዋስ ሆኛለሁ። ነፍስ አጥፍቶ በረሃ የገባ ሰው በእኔ ቃል ተማምኖ ወደ ቀዬው ተመልሷል። ለጋብቻ ሆኛለሁ፣ ለበሬ ሽያጭ ሆኛለሁ። ድንበሬ ተገፋ ብሎ ጠመንጃ ያነሳ ጎረምሳ «እሳቸው ካሉማ» ብሎ መልሶ ሰቅሏል። ለገዛ ልጄ የገንዘብ መሳቢያ ግን ዋስ መሆን አልችልም። ለምን ቢባል፣ ደመወዝ የለኝም።

«መሬት አለኝ» አልኩ።

«መሬቱ የመንግሥት ነው፣ አባዬ።»

«ከብት አለኝ።»

«ከብት ይሞታል።»

«ተያዡስ አይሞትም?»

«እሱ ከመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ያመጣል።»

እንግዲህ ደብዳቤ ያለው አይሞትም ማለት ነው። ቋሚ ሠራተኛ ይሁን፣ ደመወዙ ከእሷ አይነስ፣ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ያምጣ ተባልን። ከመስከረም 2018 ወዲህ የመንግሥት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል ሲባል ሰምቼ ስለነበር፣ ለተያዥነት የሚበቃ ሰው ሞልቶ ይተርፋል ብዬ ተነሳሁ። ኮኪት ውስጥ ደመወዝተኛ ማን ማን ነው? መምህር፣ የጤና ባለሙያ፣ የግብርና ባለሙያ፣ ፖሊስ። እነዚህን ሰዎች በቁም ነገር አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ በወር አንዴ ብር የሚመጣላቸው፣ ክረምት ይግባ በጋ ይግባ የማይገዳቸው ሰዎች ናቸው። በዚያ ሰሞን ግን ከሩቅ ሳያቸው ተነስቼ ቆቤን አወልቅላቸው ጀመር።

አንዱ ለወንድሙ ተያዥ ሆኗል፤ ከአንድ በላይ አይፈቀድም። ሌላው እሺ አለኝና «ባለቤቴን ላማክራት» ብሎ ቤት ገባ፤ ይኼው እስካሁን አልወጣም። አንዱ ደግሞ ተያዥ የሆነለት ልጅ ሒሳብ አጉድሎ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው፤ «ተያዥ» የሚለውን ቃል ስናገር ፊቱ ሲገረጣ አይቼ ስለ ዝናብ ማውራት ጀመርኩ። ፊደል ያስቆጠራት መምህሯ፣ እግዜር ያክብረውና፣ ሳይለመን በራሱ እግር መጣ። ደብዳቤው ሲታይ የእሱ የስንት ዓመት ደመወዝ ከእሷ መነሻ አንሶ ተገኘ። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና «ጎበዝ ልጅ ነበረች» ብሎ ሄደ። እዚህ ላይ እንኳ ቀልድ አይወጣኝም፤ ልለፈው።

በመጨረሻ የቀረው ማን መሰላችሁ? የግብርና ባለሙያው! ያ በየክረምቱ ሜትር ይዞ እየመጣ «አባት፣ ሰሊጡን በመስመር ይዝሩት፣ በመስመርና በመስመር መካከል 40 ሳንቲ ሜትር» እያለ የሚያደርቀኝ ልጅ። እኔም በየክረምቱ ከማሳዬ የማባርረው ልጅ። ሰሊጥ በእጅ ተበትኖ የኖረ እህል ነው፤ ሰልፈኛ አይደለም እለው ነበር። ቤቱ ድረስ ሄድኩ። ቡና አፈላልኝ፤ ጨዋ ነው። ጉዳዩን ስነግረው ምንም ሳያንገራግር፣ «እፈርማለሁ። ብቻ አባት፣ ዘንድሮ ግማሽ ሄክታር…» አለ።

ግማሽ ሄክታር ሰሊጥ በገመድ እየተለካ በመስመር ተዘርቶ ነው ልጄ ባንክ የገባችው። ምርቱን አትጠይቁኝ። ባለሙያው ፎቶ አንስቶ የወሰደው ይበቃል።

የመጀመሪያውን ደመወዝ ተቀብላ መጣች። ወጉን ታውቃለች፣ ይዛ መጥታ ጉልበታችንን ሳመች፤ መረቅናት። ከደመወዟ ግብር ተቆርጧል፣ 7 በመቶ ጡረታ ተቆርጧል፣ የወጪ መጋራቱም ተቆርጧል። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ጡረታ ስትከፍል እኔ ሽማግሌው ቁጭ ብዬ አያለሁ። በተረፈው ለእናቷ ነጠላ፣ ለእኔ ጋቢ ገዝታለች። ጋቢ! መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመተማ ቆላ! ከወገራ ስወርድ ጋቢዬን ለወንድሜ ሰጥቼ ነው የወረድኩት። አልለብስም እንዳልል የመጀመሪያ ደመወዟ ነው፤ ልልበሰው ብል ገና ከእንቅልፌ ስነቃ ያልበኛል። ጎረቤት ሲመጣ ትከሻዬ ላይ ጣል አደርገውና እንግዳው ሲሄድ ወርውሬው እተነፍሳለሁ። እሷስ ብትሆን? በዚያ ሐሩር ጥቁር ኮት ለብሳ፣ አንገቷን በሻርፕ አስራ ነው የምትውለው። መሥሪያ ቤቱ ያዛል አሉ። አዛዡ ገንዳ ውሃን በካርታ እንኳ ያያት አይመስለኝም።

ይኼም ቀላል ነበር። ዋናው መዓት ገና ነው። ባንክ ማለት ወንበር ላይ ተቀምጦ ብር መቁጠር ይመስለኝ ነበር። ለካስ አዲስ ለገባ ሠራተኛ ይኼን ያህል ደንበኛ፣ ይኼን ያህል ተቀማጭ ገንዘብ አምጣ ተብሎ ኮታ ይሰጠዋል። የት ሄዳ ታምጣ? አባቷ ሰሊጥ አለው፤ ሰሊጡ የሚሸጠው ጥቅምትና ኅዳር ነው። ገና የታጨደው ታስሮ ሲደርቅ፣ ገና ተራግፎ ጆንያ ሳይገባ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቅጽ ይዛ ከተፍ አለች። ድሮ የሰሊጡን ዋጋ የሚጠይቀኝ ደላላ ነበር፤ አሁን ልጄ ሆነች።

«ብሩ ቤት ተቀምጦ ምን ይሠራል?» አለችኝ።

«ባንክ ተቀምጦስ ምን ይሠራል?»

«ይወልዳል፤ ዝቅተኛው 7 በመቶ ነው።»

መቶ ብር ዓመት ሙሉ ከርማ 7 ብር ልትወልድ! ፍየሌ እንኳ እንዲህ ብትለግም ለፋሲካ አላደርሳትም ነበር። ይኼን ብላት «ፍየል ጅብ ይበላታል» አለችኝ። «ብርሽንስ ኑሮ ውድነቱ አይበላውም?» አልኳት። ትንሽ ዝም አለች። ያቺን ዝምታ እስካሁን አጣጥማታለሁ፤ በዚህ ክርክር ያሸነፍኩት ያኔ ብቻ ነው። ወዲያው የ2013ን መስከረም አነሳችብኝ። ያኔ ብሩ ተቀይሮ፣ የ200 ብር ኖት ወጥቶ፣ አሮጌው በሦስት ወር ውስጥ ይቀየር ሲባል በዚህ በሱዳን ድንበር ስንቱ ሌሊቱን ጆንያ ሲፈታ እንዳደረ ትነግረኛለች፤ ያኔ እሷ ቀለም የምትቆጥር ልጅ ነበረች። ቀጥላ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ከተነሳ ወዲህ የሱዳን ፓውንድ ቋጥረው የቀሩትን ነጋዴዎች ትጠራልኛለች። ለዚህ ነው እንዴ ያስተማርኩሽ? ተረትቼ ሒሳብ ከፈትኩ።

ሰው ገንዘቡን ለባንክ አላምንም ማለቱ የእኔ ጠባይ ብቻ አይደለም። ምኒልክ በ1898 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አቢሲኒያ ባንክን ሲከፍቱ ስንቱ ወረቀቱን ንቆ ማርትሬዛውን መሬት ቀብሮ ኖሯል። ብሩ የተቀበረበትን ሳይናገር የሞተም አለ፤ እሱ ቢያንስ ሚስቱ ሒሳቡን አላወቀችበትም። የእኔዋ ግን ልጇ በስልኳ ላይ የሆነ ነገር ጭናላት ብር በገባና በወጣ ቁጥር ስልኩ ጩኸት ያሰማል። ለአንድ ወዳጄ ያበደርኩትን ሳልነግራት ስልኩ ነገራት።

ከእኔ ሒሳብ በኋላ ኮታዋ ስላልሞላ ዓይኗን ዕድራችን ላይ ጣለች። የዕድራችን ሣጥን ሦስት ቁልፍ ነበረው፤ ሦስታችን ካልተገናኘን አይከፈትም። አንዱ ቁልፍ የእኔ ነበር፣ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ይውል ነበር። ሰው ሰላምታ ሲሰጠኝ አንዳንዴ ዓይኑ ቁልፉ ላይ ሲያርፍ አያለሁ፤ ክብር ነው እኮ። ልጅቱ በስብሰባው ቀን ያንን ኮቷን ለብሳ ቆመች። ስለ ሌባ ተናገረች፣ ስለ ምስጥ ተናገረች፣ ስለ እሳት ተናገረች። የሰው ልጅ ከአባቱ ፊት ቆሞ እንዲህ ሲናገር ሰምቼ አላውቅም። ሽማግሌው ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማል፤ ከጎኔ የተቀመጠው «የማን ልጅ ናት?» ብሎ ጠየቀኝ፣ እያወቀ። እጅ አውጡ ሲባል ሁሉም አወጣ። የእኔም እጅ ወጥቷል፤ ሚስቴ ክርኔን ወደ ላይ ገፍታው ነው።

ቁልፌ ሄደ። አሁን «ፈራሚ» ነኝ። ፈራሚ ማለት ለዕድር ድንኳን ብር ለማውጣት ከኮኪት ገንዳ ውሃ ተሳፍሮ፣ ተሰልፎ፣ ቅጽ ሞልቶ የሚቆም ሰው ነው። ሁለቱን ጓደኞቼን ይዤ ሄድኩ። ሰልፉ አለቀና መስኮቱ ጋ ስደርስ የተቀመጠችው ልጄ ናት። ጠዋት ቁርስ አብልታኝ የወጣችው ልጅ «እንደምን አደሩ አባት፣ ምን ልርዳዎት?» አለችኝ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ሌላ ሰው ካለ አየሁ። ወረቀቱን ሰጠኋት።

«መታወቂያ ይዘዋል?»

«ልጄ…»

«አባዬ፣ አሠራር ነው» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። አወጣሁ። ፎቶውን አየች፣ እኔን አየች፣ መልሳ ፎቶውን አየች። ከዚያ አንገቷን ደፍታ ወደ ኮምፒውተሩ ስትመለከት ቆየችና፣ «ፊርማዎ ከናሙናው ጋር አይመሳሰልም» አለችኝ። እንደገና ፈረምኩ። አልተመሳሰለም። ሦስተኛውን ስፈርም እጄን ይዛ ልታስፈርመኝ ምንም አልቀራት፤ ፊደል ሲያስቆጥሯት እኔ ነበርኩ እጇን የያዝኳት። አራተኛው ላይ እሷም ደከማት፣ ሲስተሙም ደከመው መሰለኝ፣ አለፈ።

ብሩን ቆጥሬ ስወጣ ከኋላዬ ተሰልፎ የነበረ ሰውዬ፣ ሊያጽናናኝ ብሎ ነው መሰል፣ «ልጅቱ ዘመድዎ ናት እንዴ?» ብሎ ጠየቀኝ።

«ገና አላረጋገጥኩም» አልኩት፤ «መታወቂያዋን አላሳየችኝም።»