በደመወዝ የተቀጠረ ነገር ፈላጊ

ቴስተር ነኝ ስል ብዙ ሰው ፈተና የማወጣ መምህር እመስለዋለሁ። ሥራዬ ከዚያ ይቀላል፤ ሌሎች የሠሩትን ሶፍትዌር ደንበኛ እጅ ከመግባቱ በፊት እነካካለሁ፣ የት ላይ እንደሚሰበር እናገራለሁ፣ ለዚህም ወር ሲደርስ ደመወዝ አገኛለሁ። የሚገርመው፣ ስናገር ደስ የሚለው ሰው አለመኖሩ ነው። በቢሯችን እምነት ባግ (የሶፍትዌር እንከን) የሚወለደው እኔ ቲኬት (የእንከን መዝገብ) ስከፍት ነው። ከዚያ በፊት አገር ሰላም ነበር፤ ዲቨሎፐሩ ማኪያቶውን ይጠጣል፣ ሥራ አስኪያጁ ለደንበኛው ደውሎ "አልቋል" ብሏል፣ የምረቃው ኬክም ታዟል።

አንድ የምዝገባ ቅጽ መጣልኝ። የልደት ቀን የሚመረጥበት ዝርዝር ከመስከረም ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያበቃል። ፓጉሜን የለችም። "የ13 ወር ጸጋ" እያልን ለቱሪስት ስናስተዋውቃት የኖርናትን አገር፣ በገዛ ቅጻችን አንድ ወር ቀነስንባት። ቲኬት ከፈትኩ።

"በፓጉሜን የሚወለድ ሰው ስንት ነው?" አለ ዲቨሎፐሩ።

"የተወለደውስ ምን ይሙላ?"

"ነሐሴ 30 ይበላ!"

ከብዙ ንትርክ በኋላ ፓጉሜን ገባች፤ 30 ቀን ይዛ። ሌላ ቲኬት። 5 ቀን ሆነች። ይህኔ "ዘመነ ሉቃስስ?" አልኩ። ዘመነ ሉቃስ ሲያልቅ ፓጉሜን 6 ቀን ትሆናለች፤ በ2015 ሆናለች፣ በ2019ም ትሆናለች። ዲቨሎፐሩ ከስክሪኑ ቀና ብሎ በትዕግሥት አየኝ። "ወንድሜ፣ አንተ የተቀጠርከው ሶፍትዌር ልትሞክር ነው ወይስ ባሕረ ሐሳብ ልታስተምር?" ቲኬቱ "ወደፊት ይታያል" ተብሎ ተዘጋ።

እዚያው ቅጽ ላይ ስሙን "ገ/ማርያም" ብሎ የጻፈ ሰው "ያልተፈቀደ ምልክት ተጠቅመዋል" ይባላል፤ ዕድሜ ልኩን በመታወቂያው ላይ የኖረችው እዝባር ጥፋተኛ ሆና ትመለሳለች። ሁለተኛው የቴሌኮም ኩባንያ አገልግሎት ከጀመረ ዓመታት አልፈዋል፤ ቅጻችን ግን በ07 የሚጀምር ቁጥር ስልክ አይመስለውም። ከፈረንጅ አቆጣጠር ወደ እኛ ሲቀየር ደግሞ ከየትኛውም ቀን ላይ ድፍን 8 ዓመት ይቀነሳል። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ ልዩነቱ 7 መሆኑን የጻፈው ሰው አጥቶት አይደለም፤ በየዓመቱ እንቁጣጣሽ ያከብራል። ኮድ ሲጽፍ ነው አገሩን የሚረሳው።

ለእነዚህ ሁሉ የሚሰጠኝ መልስ አንድ ነው፦ "እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል።" እውነቱን ነው። እሱ ኮምፒውተር ላይ የሚመዘገበው ሁልጊዜ አበበ ከበደ ነው። አበበ በጥር ተወልዷል፣ ስልኩ በ09 ይጀምራል፣ ኔትወርክ ጠፍቶበት አያውቅም፣ ሲከፍልም አንዴ ብቻ ተጭኖ እጁን አጣጥፎ ይጠብቃል። እውነተኛው ደንበኛ ግን ታክሲ ውስጥ ነው፤ የስልኩ ስክሪን ተሰንጥቋል፣ "ክፈል" የሚለውን ሲነካ መስመር ይቋረጥበታል፣ ደግሞ ይጫናል፣ ሁለት ጊዜ ይከፍላል። ይህን ስናገር "ሰው ለምን ሁለት ጊዜ ይጫናል?" ይሉኛል፤ ሊፍት ሲዘገይባቸው ቁልፉን አሥር ጊዜ የሚደበድቡት ሰዎች።

በሽታው የእኛ ብቻ አይደለም። በፈረንጆቹ ሰኔ 4 ቀን 1996 የአውሮፓውያኑ ሮኬት አሪያን 5 የመጀመሪያ በረራዋን ጀምራ 40 ሰከንድ ሳይሞላት ፈነዳች። ከቀድሞዋ አሪያን 4 የተወረሰ የሶፍትዌር ክፍል፣ በአዲሷ ፍጥነት ምክንያት 16 ቢት ቦታ የማይበቃው ትልቅ ቁጥር ገጥሞት ነበር። ያ ክፍል እኮ አዲሷ ሮኬት መሬት ከለቀቀች በኋላ ምንም ሥራ አልነበረውም። በፊት ሠርቷልና ተዉት። "በፊት ሠርቷል" ማለት እንግዲህ የ"እኔ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል" ታላቅ ወንድም ነው።

ወደ እኛው ስንመለስ፣ የምንሠራው አጃይል በሚባለው የሶፍትዌር አሠራር ዘዴ ነው። በፈረንጆቹ 2001 አሥራ ሰባት ሰዎች ዩታ ውስጥ ተሰብስበው ያወጡት የአጃይል መግለጫ፣ የሚሠራ ሶፍትዌር ከተሟላ ሰነድ እንደሚበልጥ ይናገራል። እኛ ሰነዱን ወዲያው ተውነው፤ የሚሠራው ሶፍትዌር ገና እየተጠበቀ ነው። በየጠዋቱም ቆመን እንሰበሰባለን። መቆሙ ስብሰባው እንዲያጥር ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን የሚያጥረው የቋሚው ትዕግሥት ነው፣ አንድ ባንድ ወንበር እየሳብን እንቀመጣለን። ሥራው "90 ከመቶ ደርሷል" ይባላል፤ ባለፈው ሳምንትም ደርሶ ነበር። ለሙከራ ተብሎ የተያዘው ሁለት ሳምንት በዚሁ ሲሸራረፍ ቆይቶ ዓርብ ማታ እጄ ይገባል፦ "ሰኞ ይመረቃል፣ ቅዳሜ ግባና ቶሎ አየት አርገው።" ሰኞ ሲበላሽ ደግሞ የመጀመሪያው ጥያቄ "ቴስተሩ የት ነበር?" ነው።

እኛ ካልሞከርነው ሕዝብ ይሞክረዋል። በመጋቢት 2016 በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ላይ ችግር ተፈጥሮ ደንበኞች ካላቸው በላይ ማውጣት ቻሉ። ወሬው ሌሊቱን ዩኒቨርሲቲዎችን አዳረሰ፤ ተማሪው ከአልጋው ተነሥቶ ኤቲኤም ፊት ተሰለፈ። ባንኩ የሳይበር ጥቃት እንዳልሆነ ገልጾ ገንዘቡን መልሱ አለ፣ ያልመለሱትንም በስምና በፎቶ አወጣ። "ካለኝ በላይ ባወጣስ?" የሚለው እኮ ማንኛውም ቴስተር ሥራ በጀመረበት ቀን የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። እኔ ስጠይቀው ነገረኛ እባላለሁ፤ ተማሪ ሲጠይቀው መልሱን በጥሬ ብር ያገኛል።

የባግ ክብደት በመመሪያችን ላይ ባማረ ሠንጠረዥ ተቀምጧል፦ አስቸኳይ፣ ከፍተኛ፣ መካከለኛ፣ ዝቅተኛ። በተግባር መለኪያው ማን ላይ ደረሰ የሚለው ነው። ሥራ አስኪያጃችን በ07 የሚጀምር ሁለተኛ ሲም ያወጣ ዕለት፣ እሱም "ወደፊት ይታያል" ተብሎ የተኛው የ07 ቲኬት ከምሳ በፊት ተፈታ። እንደ ልማዴ ሞከርኩት። የእሱ ቁጥር ሰተት ብሎ ገባ። ሌላ የ07 ቁጥር አስገባሁ፤ "ትክክለኛ ስልክ አይደለም።" ኮዱን አስከፍቼ ሳይ የተጨመረችው አንድ መስመር ናት፤ የሥራ አስኪያጁ ቁጥር ከነሙሉ አኃዙ ተጽፎባታል። አዲስ ቲኬት ከፍቼ ክብደቱን "ዝቅተኛ" ብዬ ሞላሁት፤ የቀረው ችግር የሕዝብ ብቻ ነውና።