ሬንደር ላይ የቀረ ሠርግ

«ቪዲዮው ምን ደረሰ?» ይሉናል። እናት ትጠይቃለች፣ ሙሽራዋ ትደውላለች፣ አሜሪካ ያለችው አክስት በየሳምንቱ መልእክት ትልካለች። ሠርጉ በጥር ነበር፤ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ፋሲካ አለፈ፣ ይኸው ክረምት ሊገባ ነው። በራሳችን ካሜራ ቀርፀን በራሳችን ኮምፒውተር ኤዲት የምናደርግ ሰዎች መልሳችን አንድ ነው፤ «ሬንደር ላይ ነው»፤ ማለትም ኮምፒውተሩ የተቆራረጠውን ወደ አንድ የመጨረሻ ቪዲዮ እየለወጠው ነው። ጠያቂዎቹ ከዚህ መልስ ጀርባ ያለውን ድካም አያዩትም። ሰነፎች እንመስላቸዋለን። እስኪ ዛሬ ብሶታችንን እናውጣው።

የካሜራው ካርቶን ላይ በትልቁ «ፉል ኤችዲ» ተብሎ ተጽፏል። ሻጩም ቁልፉን መጫን ብቻ ነው ይለናል። ለቀረጻው እውነቱን ነው። ሶኒና ፓናሶኒክ እ.ኤ.አ. በ2006 ኤቪሲኤችዲ የተባለውን ፎርማት ሲያወጡ ዓላማቸው ብዙ ሰዓት በትንሽ ቦታ ማስቀመጥ ነበር፤ ተሳክቶላቸዋልም። በሰከንድ 24 ሜጋቢት የተቀረጸ የአንድ ሰዓት ቪዲዮ 11 ጊጋባይት ገደማ ብቻ ይይዛል። ይህ ቁጠባ የተገኘው ግን ካሜራው እያንዳንዱን ፍሬም ሙሉውን ስለማያስቀምጥ ነው። አንዱን ሙሉ አድርጎ ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ላሉት የተለወጠውን ነገር ብቻ እየመዘገበ ይሄዳል። ለማየት ችግር የለውም። ልንቆርጠው ስንል ግን የምንፈልገው ቦታ ላይ ሙሉ ምስል የለም። ኮምፒውተሩ ወደ ኋላ ሄዶ ሙሉውን ፈልጎ፣ ለውጦቹን በላዩ ላይ እየደመረ ያንን ፍሬም እንደ አዲስ መሥራት አለበት። አንዱ ፍሬም ደግሞ 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ነጥብ ነው። የድሮው የካሴት ቪዲዮ 720 በ576 ስለነበር ሥራው በ5 እጥፍ አድጓል። ይህን ሸክም ማን እንደሚሸከመው ካርቶኑ አይናገርም። እኛ ነን የምንሸከመው፤ ያውም ለጽሕፈትና ለኢንተርኔት ብለን በገዛነው ላፕቶፕ።

ጣጣው የሚጀምረው ከሚሞሪ ካርዱ ነው። ብዙዎቹ የድሮ ካርዶች ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ፋይል መያዝ ስለማይችሉ ካሜራው ረጅም ቀረጻን ሳይነግረን እየከፋፈለ ያስቀምጣል። የተክሊሉ ሥርዓት ሳይቋረጥ ተቀርጿል ብለን ካርዱን ስንከፍት ስም የሌላቸው፣ በቁጥር ብቻ የሚለዩ ቁርጥራጮች እናገኛለን። ቁርጥራጮቹን ብቻ ጎትተን ወስደን ብንቀጥላቸው መገጣጠሚያው ላይ ድምፁ ሊዘል ይችላል። ካህኑ እየባረኩ ሳለ አንድ ቃል ይጠፋል፤ ያ ቃል ደግሞ አይደገምም። ፎልደሩ ከነምናምኑ እንዳለ መገልበጥ እንዳለበት፣ ካርዱም ከዚያ በፊት መጥፋት እንደሌለበት በጊዜው የነገረን የለም።

ከዚያ ሶፍትዌሩን እንከፍታለን። ቀላል ነው፣ ለቤት ነው ተብሎ የተሸጠልን ነው። ቪዲዮውን ስናጫውተው ይንገዳገዳል፤ ድምፁ ይቀድማል፣ ምስሉ ይከተላል። ሙሽራው ቀለበቱን የሚያጠልቅበትን ቅጽበት አይተን መቁረጥ ስለማንችል በግምት እንቆርጣለን። ጥቂት እንደሠራን ስክሪኑ ይደርቃል፤ ከዚያ «ፕሮግራሙ መሥራት አቁሟል» የሚል መልእክት ይመጣል። ለምን እንዳቆመ፣ ምን ብናደርግ እንደሚሻል አንዲት ቃል የለም። ለረጅም ዓመታት ብዙዎቻችን እንጠቀምበት በነበረው ባለ 32 ቢት ዊንዶውስ አንድ ፕሮግራም በተለመደው አሠራር ከ2 ጊጋባይት በላይ ሚሞሪ አይሰጠውም ነበር። የሙሉ ቀን ሠርግ በአንድ ፕሮጀክት ሲከማች ያንን ጣሪያ ይነካል። ስንቱ ሰው ነው ከደሞዙ ቀንሶ ተጨማሪ ራም ያስገባው! ለዚያ ፕሮግራም ግን ከጣሪያው በላይ የተጨመረው ራም ምንም አይፈይድለትም ነበር። ይህን ለመናገር አንድ መስመር ጽሑፍ ይበቃ ነበር።

ቀጥሎ የጥያቄ መዓት ይወርድብናል። 50 አይ ነው 25 ፒ? አፐር ፊልድ ነው ሎወር ፊልድ? ቢትሬቱ ስንት ይሁን? ለቤተሰቡ ማስታወሻ ሊያዘጋጅ የተቀመጠ ሰው ይህን ከየት ያምጣው? ነገሩ ቀላል አይደለም። በኤቪሲኤችዲ የሚቀርጹ ብዙ የቤት ካሜራዎች አንዱን ፍሬም በሁለት ከፍለው ይቀርፁታል፤ መጀመሪያ አንዱን መስመር እየዘለሉ፣ ከአንድ ሃምሳኛ ሰከንድ በኋላ ደግሞ የተዘለሉትን መስመሮች። በኮምፒውተር ስክሪን ላይ ሁለቱ ባንድነት ሲታዩ የሚንቀሳቀስ ነገር ጠርዙ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይሰነጣጠቃል። እስክስታ የሚወርድበት ትከሻ ሁሉ እንዲሁ ተሰነጣጥቆ ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተሳሳተ ደግሞ እንቅስቃሴው ወደፊትና ወደኋላ ይንቀጠቀጣል። የድሮዎቹ የዲቪ ካሴቶች ከታችኛው መስመር ሲጀምሩ ኤችዲው ከላይኛው ይጀምራል፤ በድሮው ምርጫ የተከፈተ ፕሮጀክት ሙሉው ይበላሻል። ይህ መረጃ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ሶፍትዌሩ ራሱ አንብቦ መወሰን ሲችል ለምን እኛን ይጠይቀናል? በአማርኛ ርዕስ ልንጽፍ ስንልም ከፊደል ይልቅ ባዶ ሳጥን የሚደረድር አለ፤ ኒያላን የመሰለ የግዕዝ ፎንት ከቪስታ ጀምሮ እዚያው ዊንዶውስ ውስጥ እያለ።

ይህን ሁሉ አልፈን ሬንደር እንላለን። ማታ እናስጀምረውና ኮምፒውተሩን ማንም እንዳይነካው አስጠንቅቀን እንተኛለን። ሌሊት መብራት ይሄዳል። ባትሪው የተወሰነ ያህል ይገፋል፣ ከዚያ እሱም ያልቃል። የኤምፒፎር ፋይል ማውጫው አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ 95 በመቶ የደረሰው ሥራ ጠዋት ሲነካ አይከፈትም። መብራቱ የሶፍትዌሩ ጥፋት አይደለም። ከቆመበት መቀጠል አለመቻሉ ግን የእሱ ጥፋት ነው። ከኢንተርኔት የሚወርድ ፋይል እንኳ ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥላል። ሥራው አልቆ «የአያትየው ስምም ርዕሱ ላይ ይግባ» ቢባል ደግሞ ያቺን አንዲት መስመር ለመጨመር ብዙዎቹ ፕሮግራሞች ሁሉንም ከሀ ጀምረው ያበስሉታል።

አክስትስ? አሜሪካ ላለችው አክስት በዲቪዲ እንላክ ስንል እዚህ የተሠራው በሰከንድ 25 ፍሬም ነው፤ የእነሱ ወደ 30 ይጠጋል። ብዙዎቹ የአሜሪካ ማጫወቻዎች የእኛን አይቀበሉም። ስለዚህ ሌላ ሬንደር፣ ሌላ ሌሊት። በተራ ማጫወቻ የሚታይ ዲቪዲ ደግሞ ኤችዲ ስለማይዝ ያ ሁሉ ጥራት ወደ ድሮው መጠን ይወርዳል። ዘመድ ከአሜሪካ ይዞት የመጣው ካሜራም የተገላቢጦሽ ችግር አለው፤ የእኛ መብራት በ50 ኸርዝ ስለሚሠራ በ60 የተቀረጸው አዳራሽ በፍሎረሰንቱ ሥር ሲርገበገብ ያመሻል።

በስልክ መቅረጽ ሲመጣ ተገላገልን ብለን ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ደግሞ አይፎን ኤችኢቪሲ በተባለ ይበልጥ በታመቀ ፎርማት መቅረጽ ጀመረ፤ የቤት ኮምፒውተሮቻችን እንደገና መንገዳገድ ያዙ። አምና የለመድነው ሶፍትዌርም ሊቀር ይችላል። ዊንዶውስ ሙቪ ሜከር እ.ኤ.አ. በጥር 2017 ድጋፉ ሲቋረጥ ተጀምረው ያላለቁ አንዳንድ ፕሮጀክቶች ከእሱ ጋር ቀሩ። በየሃርድ ዲስኩ ውስጥ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አያቶች ልጆቻቸውን ሲመርቁ ተቀርጸው ተቀምጠዋል። ቤተሰቡ ያንን ቀረጻ አንድ ቀን እንኳ አላየውም።

ሻጮቹ ይህን እስኪያስተካክሉ ድረስ እርስ በርሳችን እንረዳዳ። ያልተነካውን ቀረጻ ከነፎልደሩ ሁለት ቦታ እናስቀምጥ። ኤዲቲንጉን በትንሽ መጠን በተሠራ ግልባጭ እንሥራ፤ ሶፍትዌሩ ይህን የሚፈቅድ ከሆነ ብዙ ያቀላል። የቤቱን፣ የቤተ ክርስቲያኑን፣ የአዳራሹንና የመልሱን ለየብቻ ሬንደር እናድርግ፤ መብራት ቢሄድ አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይተርፋል። ለቤተሰቡም ያልተቆረጠውን አስቀድመን እናሳይ።

ካሜራውንና ሶፍትዌሩን የሚሸጡልን ግን ሦስት ነገር ዕዳ አለባቸው። ቀረጻውን ኤዲት ለማድረግ ምን ዓይነት ኮምፒውተር እንደሚያስፈልግ ካርቶኑ ላይ ይጻፉ። ሶፍትዌሩ የፋይሉን ዓይነት ራሱ ያንብብ፤ ሲያቅተውም ምክንያቱን ሰው በሚገባው ቋንቋ ይንገረን። ሬንደር ሲቋረጥ ካቆመበት ይቀጥል። ከፍለን የገዛነው ዕቃ ነውና ይህ ልመና አይደለም።