ስለ ማጠጋጋትና ስለ ተቅበዝባዧ 4 ሳንቲም

ማጠጋጋት አንድን ቁጥር ለአያያዝ እንዲመች ከቤቱ አስነሥቶ ወደ ቅርብ ጎረቤቱ ማዛወር ሲሆን፣ ኃላፊነቱ በተወሰነ የግል ማኅበር መዝገብ ውስጥ በሦስት ይከፈላል። ሽያጭ ሲገለጽ የሚሠራበት የቁልቁለት፣ ወጪ ሲመዘገብ የሚሠራበት ደግሞ የአቀበት ማጠጋጋት ይባላሉ፤ ሁለቱም ከሒሳብ ይልቅ ለሥነ ልቡና ስለሚቀርቡ እዚህ አይተነተኑም።

ሦስተኛው ማንም ሳያዝዘው የሚፈጠረው ነው። አንድ ሱቅ ቫትን ጨምሮ 10 ብር የሚያወጣ ዕቃ 10 ፍሬ ሲሸጥ፣ የሽያጭ ማሽኑ በየፍሬው ያለውን 15 በመቶ ቫት ወደ 1 ብር ከ30 ሳንቲም ካጠጋጋው ድምሩ 13 ብር ይሆናል፤ መዝገቡ ግን 100 ብሩን ባንድ ላይ ለ1.15 አካፍሎ ቫቱን 13 ብር ከ4 ሳንቲም ያወጣል። ይህችን 4 ሳንቲም ቆጥሮ ለመስጠት የሚያስፈልጉት አራት ባለአንድ ሳንቲሞች ከገበያ ከጠፉ ቆይተዋል፤ እርሷ ግን ለደረጃ «ሀ» ግብር ከፋዮች የተሰጠው ቀን፣ ጥቅምት 30፣ ሲቃረብ የሽያጭ ማሽኑ ማጠቃለያ የሆነው ዜድ ሪፖርትና መዝገቡ ሲመሳከሩ ብቅ ትላለች።

አሰሳው ሥርዓት አለው። ሁለት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ የሚፈጠር ልዩነት ለ9 ስለሚካፈል፣ የሒሳብ ሠራተኛው በመጀመሪያ ለ9 ይሞክራል፤ 4 እምቢ ይላል። ቀጥሎ፣ መደመር ሲገባው የተቀነሰ ሒሳብ እጥፉን ልዩነት ስለሚፈጥር፣ ባለ 2 ሳንቲም ደረሰኝ ይፈለጋል፤ እንዲህ ያለ ደረሰኝ በዓለም ላይ የለም። ከዚያ ማኪያቶ ይታዘዛል። ሥራ አስኪያጁ በስልክ «አንተ ልጅ፣ ሳንቲሙን ተወውና ሚሊዮኑ ልክ ነው ወይ?» ሲሉ ሠራተኛው ቅር ይለዋል፤ በመጋዘን ያለው ዕቃ እርሳቸው በር ላይ ቆመው ባዩት መሠረት ድፍን 2 ሚሊዮን ብር ተብሎ የተመዘገበ ሲሆን፣ በዚህ ቁጥር ላይ እስካሁን ጥያቄ ያነሣ የለም።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 4 ሳንቲሟ «ልዩ ልዩ» በሚለው ርዕስ ሥር ታርፋለች። ሠራተኛው ወደ ቤቱ የተሳፈረበት ኮንትራት ታክሲ 370 ብር የጠየቀ ሲሆን፣ በማግሥቱ ከዚያችው ሳንቲም ሥር 400 ብር ተብሎ ተመዝግቧል፤ ደረሰኝ የለውም።